የተጠቀጠቀ አፈርና የእሙ ኻሊድ ሎሚ

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የጥንቱን ዘመን እንዳታስቡ። ገና በቅርቡ ነው፤ ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ ፒክአፕ መኪናዬን ራሴ እየነዳሁ ከመካ ጅዳ፣ ከጅዳ መካ የምመላለስበትን ጊዜ ነው የእኛ ጊዜ የምለው። ሰሚራ፣ ያንን ስልክ ወደ እኔ ጠጋ አድርጊው፣ ድምፄ በደንብ ይግባበት፤ ኋላ «አጎቴ እንዲህ አሉ» ብለሽ ከራስሽ እንዳትጨምሪ።

ሥራዬ ችግኝ ነበር። እዚሁ መካ፣ ሩሰይፋ አጠገብ መሽተል ነበረን፣ መሽተል የሚሉት ችግኝ ማፍያውን ነው፣ እና ሎሚውን፣ ኒሙን፣ ጽጌረዳውን እናሳድግና ጅዳ ላሉ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ወስደን እንተክላለን፣ የታመመ ዛፍ ካለም አይተን መላ እንላለን። እና የዛፍ ነገር አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ቅጠሉን አውቃለሁ፣ ፍሬውን አውቃለሁ፣ ተባዩን አውቃለሁ። ታዲያ ከመሬት በታች ያለውን ማን አየው? እስኪ ንገሩኝ፣ ሥር አፈር ውስጥ ሲሄድ ያየ ከእናንተ መሀል አለ? የለም። እኔም አላየሁም ነበር።

ታዲያ ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ውስጥ እሙ ኻሊድ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ እግራቸውን ስለሚያማቸው በከዘራ የሚሄዱ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው። ግቢያቸው ውስጥ ባላቸው በእጃቸው የተከሏት አንዲት ሎሚ ነበረች። ከዐስር ሶላት በኋላ ወንበር አስወጥተው እሷ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ እና ሰው ሲደውልላቸው «ከአቡ ኻሊድ ጋር ነኝ» ይላሉ። አቡ ኻሊድ የሞቱት ባላቸው ናቸው፣ ሎሚዋን ማለታቸው ነው። እኔ ጽጌረዳ ልተክል ስሄድ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ።

ልጃቸው ኻሊድ ወደቡ ላይ የኮንቴይነር ማስቀመጫ ግቢ ኃላፊ ነበር። ቸኩሎ የሚናገር ሰው ነው፣ ክፉ ግን አይደለም፣ ይኼን ያዙልኝ። ቤቱን የምትይዘው ደግሞ አስካለ ነበረች፣ የጎጃም ሴት፣ ክርስቲያን፣ ዝምተኛ። ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች፣ ልጅቱ ባሕር ዳር ነርስነት እየተማረች ነበር። አስካለ ከዚያ ቤት ወጣች ማለት የልጅቱ ትምህርት ቆመ ማለት ነው። እኔን ጋሽ እንድሪስ ትለኛለች፣ እኔም እንደ እህቴ ነበር የማያት።

እና አንድ ቀን ትደውልልኛለች። ድምጿ አይሰማም፣ ሹክ ነው የምትለው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይድረሱልኝ። ሊያባርሩኝ ነው።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ሎሚዋን ገደልሽ አሉኝ።»

ሎሚዋን ገደልሽ። ሰው በሎሚ ሲከሰስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወላሂ እኔ ሰምቼ አላውቅም። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ስደርስ ግቢው ሌላ ሆኗል። ለኻሊድ መኖሪያ አዲስ ክፍል ተሠርቷል፣ ድሮ አፈር የነበረው ሁሉ ባላጥ፣ ማለት የድንጋይ ንጣፍ ለብሷል፣ ያምራል። ሎሚዋ መሀል ላይ ክብ ቦታ ተትቶላት ቆማለች፣ እና ቅጠሏ ብጫ፣ ጫፍ ጫፏ ደርቆ፣ ፍሬው ገና ጣት ሳያክል ይረግፋል። ኻሊድ በር ላይ ተቀበለኝ። አረብኛ አንቱታ የለውም፣ እንዳለ ልንገራችሁ፦

«ያ ሐጂ እንድሪስ፣ አንተው እየው። ወለል ያጠበችበትን የክሎር ውኃ ሥሯ ላይ ትደፋለች። ኻላስ፣ ኹሩጅ አስመታላታለሁ፣ አገሯ ትግባ።»

ኹሩጅ ካስመታ ያው የማይመለሱበት የመውጫ ቪዛ ነው። አስካለ ከኋላው ቆማለች፣ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ።

«በእመቤቴ ማርያም፣ ጠብታ አልደፋሁም ጋሽ እንድሪስ» አለችኝ በአማርኛ፣ «የወለሉን ውኃ ፍሳሹ ውስጥ ነው የምደፋው። እንዲያውም ስትጠወልግብኝ ጊዜ ጠዋት ማታ ንጹሕ ውኃ አጠጣኋት።»

«ጠዋት ማታ?»

«ጠዋት ማታ። ቅጠሏ ሲወድቅ እያየሁ ምን ላድርግ? ጠማት ብዬ ነው።»

እኔ ተንበርክኬ አፈሩን አነሳሁና አሸተትኩ። የክሎር ሽታ የለውም። ሌላ ሽታ ግን አለው፣ የቆየ ኩሬ ሲነካካ የሚሸተውን ታውቁት የለ፣ እሱን ሽታ። ጨው ይሆን ብዬ በምላሴ ጫፍ ነካሁት፣ ጨው ጨው አይልም። እና ኻሊድን «ልቆፍርና ልየው» አልኩት። «ምን ይቆፈራል፣ ነገሩ ግልጽ ነው» ሲል እሙ ኻሊድ ከውስጥ በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ።

«ይቆፈር» አሉ። «ሳላውቅ የሰው ርዝቅ፣ የሰው እንጀራ አልዘጋም። አቡ ኻሊድ የተከሉት ዛፍ በምን እንደሚሞትም ማወቅ እፈልጋለሁ።» ወንበር አስመጥተው እዚያው ተቀመጡ።

ታዲያ መቆፈር ጀመርኩ። ግንዱ አጠገብ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ አካፋው ዘው ይላል፣ ትንሽ ወረድ ስል ጉድጓዱ ውኃ አቀረረ። ጭቃ ነው። ወደ ባላጡ ጠርዝ ስጠጋ ግን ዲጂኖው ቋ ብሎ ይመለሳል። ቋ። ደግሜ ብመታ ቋ። ድንጋይ ነው ብዬ በእጄ ብዳስሰው አፈር ነው። ከባላጡ አንዷን ነቅለን ከሥሯ ፈልፍለን አየን፣ ድሮ ወደዚያ የሄደው ትልቁ ሥር ጠቁሮ፣ ልጡ በጣት ሲነካ ይገፈፋል፣ ሞቷል። አዲስ የበቀሉት ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከግንዱ ተነሥተው በለስላሳው አፈር ሄደው ሄደው ልክ ጠንካራው ጋ ሲደርሱ ታጥፈው ይመለሳሉ። ግድግዳ እንደነካ ሰው። ተመልሰው ደግሞ ያ ኩሬ ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያ ይበሰብሳሉ። ድንጋይ የሆነው አፈር ውኃውን አያሳልፍማ፤ ወዲያ ድንጋይ፣ ወዲህ ኩሬ።

እሙ ኻሊድ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ይኼ አፈር ማን እንዲህ አደረገው?» አሉ።

ኻሊድ አሰበ አሰበና፦ «ባላጡ ከመነጠፉ በፊት ሠራተኞቹ በመጠቅጠቂያ ማሽን መትተውታል» አለ። «የአሸዋ መኪናም ሲገባ ሲወጣ ነበር። እኛ ወደብ ላይም እንዲሁ ነው የምናደርገው፣ ካልተጠቀጠቀ ኮንቴይነሩ ይሰምጣል። ደረቅ አፈር ግን ቢመታም አይጠቀጠቅም፣ ይበናል። መጀመሪያ ውኃ ታርከፈክፍበታለህ፣ ርስ ሲል ትመታዋለህ፣ ያኔ ነው እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ድንጋይ የሚሆነው። ውኃ ከበዛ ደግሞ ይንቦጫቦጫል እንጂ አይጠቀጠቅም።»

እኔ ይኼን አላውቅም ነበር። እስኪ አስቡት፣ ያው ውኃ ነው አፈሩን ለሥር የሚያለሰልሰው፣ ያው ውኃ ነው ለማሽኑም የሚያመቻችለት።

ኻሊድ ግን ቶሎ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «ቢሆንም» አለ፣ «ጥንካሬው ነው የገደላት ወይስ ክሎሩ፣ በምን አውቃለሁ?» እውነቱን ነው፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን «ጥንካሬው ነው» ብዬ ተከራከርኩ። ያኔ ዝምተኛዋ አስካለ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ጋሽ እንድሪስ፣ ለእኔ የሚጠቅም ባይሆንም አንድ ነገር ከነከነኝ። እኛ አገር ጤፍ ሲዘራ መሬቱ በከብት ይረገጣል። ሆን ብለን ነው የምናስረግጠው። መረገጥ ሥር የሚገድል ከሆነ ጤፉ ለምን ይበቅላል?»

በዱላ የተመታሁ መሰለኝ። እኔ «ጥንካሬው ነው» ብዬ ላስጥላት ስከራከር እሷ ራሷ ክርክሬን አፈረሰችብኝ። ለእሙ ኻሊድ በአረብኛ ነገርኳቸው፣ እና ሴትዮዋ ከዘራቸውን ሁለቴ ባላጡ ላይ መቱና፦

«ያላ፣ እንሞክረዋ» አሉ። «እስክናውቅ ድረስ ማንም የትም አይሄድም።»

አስካለ ክርስቲያን ናት፣ መካ አትገባም፣ ስለዚህ ወደ መሽተሉ ልውሰዳት አልልም፤ አፈሩን በጆንያ እኔው ጅዳ አመጣሁት። እሙ ኻሊድ የዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅሙ ነበር፣ እሱን ታችኛውን በምስማር በሳሳን። ከማድ ቤት የፉል ባቄላ አመጣን፣ ወቅቱም ቀዝቀዝ ያለ ነበር፣ ለባቄላ ይሆናል። ታዲያ በአንዱ ጣሳ አፈሩን እንዲሁ ልቅ አድርገን ሞላነው። በሌላው አስካለ በመዳፏ ቀስ ብላ ጫን ጫን አደረገችው፣ «ከብት እንደሚረግጠው» ብላ። ሌላውን ኻሊድ ራሱ፣ ወላሂ ራሱ፣ ነጭ ቀሚሱን ሰብስቦ ቁጢጥ ብሎ፣ አፈሩን ርስ አድርጎ በዘነዘና ደበደበው። እንደሱ የተደበደበ ሌላም አዘጋጀን፣ አንደኛው እንዲደርቅ ልንተወው፣ አንደኛውን በልኩ ልናረጥበው። ሌላው ደግሞ ለስላሳ አፈር ሆኖ ቀዳዳ የሌለው ጣሳ ነው፣ ውኃው እንዲቋጠርበት። መጨረሻ ላይ ኻሊድ «ክሎሩስ?» አለ። ልክ ነው፣ ክሎር የሚጠጣም አንድ ጨመርን። ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ጥላ ቦታ ደረደርናቸው።

እና ጥበቃ ሆነ። አስካለ ሌላ ጊዜ ስደውልላት «ጋሽ እንድሪስ፣ የእኔ ነገር እኮ ባቄላ ላይ ወደቀ» አለችኝ። ሳቅ ያዘኝ፣ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም፣ ልጇ የምትከፍለው የትምህርት ገንዘብ ነበራት። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ትላለች። ታዲያ የሚገርማችሁ የኻሊድ ነገር ነው። ከሥራ ሲወጣ ጫማውን ሳያወልቅ በቀጥታ ሰገነት። እኔ እዚህ ሩሰይፋ ምሳ እየበላሁ ይደውላል። «ያ ሐጂ፣ ልቅ የሆነው በቀለ።» ሌላ ቀን «ያ ሐጂ፣ የደበደብኩት ደረቁ ላይ አፈሩ ተሰነጠቀ፣ ምንም አይታይም።» ሌላ ቀን «አንተ፣ ቀዳዳ የሌለው ከሁሉ ቀድሞ አረንጓዴ ነበር፣ ዛሬ ብጫ ሆነ።» ሚስቴ «ይኼ ሰውዬ ምን ወልዶ ነው?» አለችኝ።

በመጨረሻ ተሰበሰብን። ጣሳውን በመቀስ ቀደድን፣ አፈሩን በሳፋ ውኃ ውስጥ ቀስ ብለን አጠብነው፣ እና ሥሮቹን ነጭ ፎጣ ላይ አጋደምናቸው። እሙ ኻሊድ መነጽራቸውን አደረጉ።

ደረቅና ድብድቡ ውስጥ ያለው ሥር አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ደድሮ እንደ ተቆረጠ ጣት ነው። ለመግፋት ሲታገል አበጠ እንጂ አልሄደም። ተደብድቦ በልኩ የረጠበው ግን እየተጣመመም ቢሆን ገብቷል፣ ውኃው መንገድ አላልቶለታል። ውኃ የተቋጠረበት ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይሙለጨለጫል፣ ያ የኩሬ ሽታ ሰገነቱን ሞላው። ልቅ የሆነው ረጅም ነው፣ ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ግን ቀጭንና ራቁቱን ነው፣ ውኃውም ቶሎ ሲያመልጠው ነበር። አስካለ በመዳፏ ጫን ያደረገችው ግን፣ እሱን ብታዩት፣ ከዳር እስከ ዳር ጥጥ የመሰለ ጸጉር አብቅሏል፣ አፈሩን ቢያጥቡትም አልለቅም ይላል። አፈሩ ጠጋ ብሎለታል፣ ግን አላነቀውም።

«እህ» አለች አስካለ፣ «ከብቶቻችን እኮ እንዲህ ነው የሚረግጡት። ማሽን አይደሉ።»

የክሎሩስ? ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፣ ሥሩም ታምሟል፣ የኩሬ ሽታ ግን የለውም፣ ሌላ በሽታ ነው። ኻሊድ እሱን አንሥቶ አሸተተ፣ የተቋጠረውን አንሥቶ አሸተተ፣ ተነሥቶ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ከሰገነቱ አየነው፣ ሎሚዋ ሥር ተንበርክኮ አፈር ያሸታል። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ «የኩሬው ሽታ ነው» አለ።

እናትየው «ያ ኻሊድ፣ ለሴትዮዋ የምትላት የለህም?» አሉት።

«ሳሚሒኒ» አላት። ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። እስከዚያ ቀን «አንቺ» ወይም «ያቺ» ነበር የሚላት፤ ያን ቀን «ሳሚሒኒ፣ አስካለ» አለ። እሷ አጎንብሳ «ማዐለሽ»፣ ግድ የለም አለችና ፎጣውን መሰብሰብ ጀመረች። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ለልጇ ስትደውል ድምጿን ሰማሁት፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ታዲያ አሁን የቀረው ሎሚዋን ማዳን ነው። ኻሊድ «ባላጡ ገና አሁን ነው የተነጠፈው» ሲል እሙ ኻሊድ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፣ «ይነሣ» አሉ። እሱም ዲጂኖ አነሣ። እኔ ግን ያዝኩት። «ዛሬ አይሆንም፣ አፈሩ እንደረጠበ ብንነካው በእግራችን መልሰን እንጠቀጥቀዋለን።» አስካለም «እርጥብ መሬት ላይ በሬ አናስገባም» አለች። ውኃ ማጠጣቱን አቆምን። እየመጣሁ አፈሩን በእጄ እጨብጠዋለሁ፤ ከተድቦለቦለና በአውራ ጣት ስጫነው የሚለጠጥ ከሆነ ይቆያል፣ ፍርክስ ካለ ደርሷል። ፍርክስ ያለ ቀን ከግንዱ ወደ ውጭ እንደ ጋሪ ጎማ ቦይ ቦይ አወጣን፣ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ሞላንበት፣ ውኃውንም ከግንዱ አርቀን፣ አልፎ አልፎ፣ ጠለቅ አድርገን ማጠጣት ጀመርን።

ሙሉ በሙሉ ዳነች ብላችሁ ውሸት ይሆናል። በአዲሱ ክፍል በኩል ያለው ቅርንጫፏ ደረቀ፣ እዚያ ግድግዳው መሠረት አለ፣ ልንቆፍር አልቻልንም። ቆረጥነው። በሌላው በኩል ግን አቆጠቆጠች፣ ቅጠሏ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ፣ ቆይታም አፈራች። እሙ ኻሊድ ወንበራቸውን ከፊት ወደ ጎን አዛወሩ፣ ጥላው ወደዚያ ሆነ። ሁለተኛ ወንበርም ወጣ፣ አስካለ ሥራ ስትጨርስ አጠገባቸው ትቀመጥ ጀመር፣ እና ሴትዮዋ ስለ ጤፍ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ዝናብ ይጠይቋታል። እሷ በተሰባበረ አረብኛ ትመልሳለች። አንድ ቀን ደርሼ «ከማን ጋር ነዎት?» ብላቸው «ከአስካለ ጋር» አሉኝ።

ልጅቱ ተመረቀች፣ አልሐምዱሊላህ። አስካለም በራሷ ፈቃድ፣ በክብር ተሸኝታ አገሯ ገባች። እና ባለፈው ሰሞን በስልኬ ድምጿን ላከችልኝ። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሽ እንድሪስ፣ እንደምን ከረሙ? አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከብት በሚመላለስበት መንገድ ላይ፣ ድንጋይ በሆነው መሬት፣ ሰርዶው ከማሳው ይልቅ ለምልሟል። የእኛ ባቄላ እኮ እንዲህ ያለው አፈር ውስጥ ጣት አልሄደም። ሰርዶ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

ደጋግሜ ሰማሁት። ኻሊድ ጋ ደወልኩ። «ወላሂ አላውቅም» አለ፣ «ግን ወደብ ላይም በአስፋልቱ መሀል ይወጣል፣ ቆይ ነገ አየዋለሁ።» እኔም ሰርዶ ፈልጌ፣ ጣሳ ፈልጌ፣ አፈሩን ደብድቤ እዚሁ ከላይ ሰገነት ላይ ተክያለሁ።

ሰሚራ፦ «እና ምን አገኙ አጎቴ?»

እስካሁን? ሰርዶው የደበደብኩትን አፈር ትቶ በጣሳው ጠርዝ ዞሮ፣ በታች በቀዳዳው ወጥቶ፣ የቤታችን ጣሪያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። አክስትሽ እንዳትሰማ። (ሐጂ ሳቁ።)